አንድ መጋዘን በሁለት ታፔላ

ሰፈሩ «እስቲ ልየው» የሚላት ያለ ምክንያት አይደለም። «ዝናብ መጣ» ቢሏት እጇን በመስኮት ካላወጣች አታምንም። ሙያዋ የፎቶኮፒ ማሽን መጠገን ነው። ማሽኑ ተበላሸ ብለው ሲጠሯት እንኳ መጀመሪያ የምትመረምረው ማሽኑን ሳይሆን የጠራትን ሰው ነው።

አባቷ ከሞተ አራት ወሩ ነው። የሬዲዮ መጠገኛ ቤቱ እንደተዘጋ ነው፤ አከራዩም እስከ ሰኞ ቁርጡን ካልነገሩት ለሌላ ሊሰጠው ነው። ታናሽ ወንድሟ እሷ እንድትይዘው ይወተውታታል።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እህት ዓለም» አላት። «አባባ እጅሽ ከእጁ እንደሚበልጥ ዩዝኔት ላይ ጽፏል። ‹ቤቱም የእሷ ነው› ብሏል። በዓይኔ አንብቤዋለሁ።»

ነገሩ አልዋጥ አላት። አባቷ በሕይወት ዘመኑ አንድ ቀን «ጎሽ» ብሏት አያውቅም። የሠራችውን አገላብጦ ያይና ዝም ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያማታል። ወንድሟ ደግሞ ምላሱ ቅቤ ነው፤ ቤቱን እሷ ላይ ጥሎ ሊገላገል ቢሆንስ? ጽሑፉ ካለ ሥራዋን ትታ አባቷ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከሌለ ቤቱም ይቅር፣ ወንድሟም ዓይኗን አያይም። እንዲህ ብላ ወሰነች።

ዩዝኔት ፌስቡክ ሳይታሰብ በፊት ሰዎች በየሙያቸው ቡድን እየሠሩ መጻጻፍ የጀመሩበት፣ ዛሬም ጥቂቶች ያልተዉት የኢንተርኔት መድረክ ነው። የድሮውን ጽሑፍ አከማችተው በክፍያ የሚያስነብቡ ድርጅቶች አሉ። ወንድሟ ያነበበበት ግን ተዘግቷል አሉ። እንዴት ያለ ግጥምጥሞሽ ነው፣ አለች በሆዷ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ድርጅቶች ዘንድ ለሙከራ ተመዘገበች። አንደኛው የሃያ ዓመት ጽሑፍ አንድም ሳይጎድል አለኝ ብሎ ይምላል። ሁለተኛው ከማንም ጋር አልዛመድም፣ የራሴ ማከማቻ አለኝ ይላል። ሦስተኛው ገጹ የደበዘዘ፣ ወሬውም አጭር ነው። ይሄ ደግሞ የሚደብቀው ነገር አለ ብላ ለመጨረሻ አቆየችው።

አንደኛው ላይ የሬዲዮ ጠጋኞቹን ቡድን ከፈተች። አባቷ «ሽማግሌው» በሚል ስም ይጽፍ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ ወንድሟ የነገራትን ውይይት አገኘችው። አሥራ ሦስተኛው መልእክት ስለተቃጠለ ትራንስፎርመር ነው። ከእሱ ቀጥሎ አሥራ አምስተኛው መጣ፤ አሥራ አራተኛው የለም። አሥራ አምስተኛው ላይ አንድ ሰው «ሽማግሌው፣ ስለ ልጅህ የጻፍከውን አነበብኩ፤ ለምን ለራሷ አትነግራትም?» ይላል።

ምን ብሎ ይሆን? ስድብም ሊሆን ይችላል። ወደ ሁለተኛው ሮጠች። እዚያም አሥራ ሦስት፣ ከዚያ አሥራ አምስት። ደሟ ፈላ። ወንድሜ ነው ያስጠፋው አለች፤ አባቷ ያዋረዳትን ቃል ሰርዞ በምትኩ ማር እየቀባ ነው።

ስልኩን አንስታ ልትዘረጥጠው ስትል ግን ያው አመሏ ያዛት። እስቲ ልየው አለች። ከአሣ አጥማጆች፣ ከቼዝ ተጫዋቾች፣ ከአትክልተኞች ቡድን አንደኛው ዘንድ የጠፉ ሃያ መልእክቶችን መዘገበችና ሁለተኛው ላይ ፈለገቻቸው። ሃያዎቹም የሉም። ለሁለቱም ለምን ብላ ጻፈች። የመጣላት መልስ ቃል በቃል አንድ ነበር፤ የፊደሉ ስህተት እንኳ እኩል ነው። ለካ አንድ መጋዘን ላይ ሁለት ታፔላ ሰቅለው ኖሯል። ወንድሟ የአሣ አጥማጆችን ወሬ የሚያጠፋበት ምን ጉዳይ አለው? ትንሽ አፈረች።

ሃያዎቹን ይዛ ወደ ደብዛዛው ሄደች። አሥራ ስምንቱ አሉ። ከዚያ አሥራ አራተኛውን ከፈተች።

«ሦስት ቀን ያታገለኝን ሬዲዮ ልጄ በአንድ ከሰዓት አስነሳችው። እጇ ከእጄ ይበልጣል፤ ቤቱ የእሷ ነው። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። አንድ ጊዜ ላመሰግናት ብል ‹ምን ፈልገህ ነው?› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለእናንተ ነው የምነግረው።»

ቀኑን ልታስታውሰው ሞከረች፤ አልመጣላትም። ጥያቄው ግን የራሷ ነበር። ሰው ሁሉ ከአፏ የሚያውቀው ነው።

ለወንድሟ ደወለች።

«እስከ መጨረሻው አንብበኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ የመጨረሻውን ለምን ዘለልከው?»

«ቤቱን እንድትይዢ እንጂ እንድታለቅሺ አልፈለግኩም» አላት።

ሰኞ እንደምትገባ ለአከራዩ እንዲነግረው አዘዘችውና ስልኩን ዘጋች። «ይቅርታ» ማለት ፈልጋ ነበር፤ ግን ይቅርታው የሚገባው ሰው ከሞተ አራት ወሩ ነው።