የእናቴ ኮረሪማ

ቃሉን እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ ወሰደው፣ ፈረንሳይኛ ከጣሊያንኛ፣ ግሩፖ ማለት ቋጠሮ ነበር ይላል አሠልጣኙ፣ ኋላ ሠዓሊዎች በአንድ ሥዕል ላይ ተጠጋግተው ለሚቆሙ ሰዎች አዋሉት፣ ግሩፕ የሚባለው ከዚያ መጣ፣ አውቃለሁ፣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል፣ ገጽ ሦስት ነው፣ በእጄ የጻፍኩት። ሚዛን ተፈሪ፣ ስልሳ የእንግሊዝኛ መምህራን በአንድ አዳራሽ ታጉረን የምንሰለጥነው በእኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፣ አሠልጣኙ ወልደጻድቅ፣ ዶክተር ወልደጻድቅ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የዶርም ጓደኛዬ፣ ከተማ መውረዴ ካልቀረ ላስተይብልህ ብሎ ተቀበለኝ፣ በስሙ አስገባው፣ እኔ ሳስገባ ከእሱ ገልብጠሃል ተባልኩ። ኤፍ። እሱ ረዳት መምህር ሆኖ ቀረ፣ እኔ ዓመት ደግሜ ቴፒ።

እናቴ ገጠር ኮረሪማ በክር እየሰካች ትሸጥ ነበር፣ ይላል አሁን።

አይደለም። ይሄ መቅድሜ ላይ ነበር፣ ይሄን እንኳ ተው። ጣሊያኑን ውሰድ፣ ቋጠሮውን ውሰድ፣ ጌጫ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ፍሬውን በወስፌ እየበሳች ክር ላይ የምትሰካው የእኔ እናት ናት፣ ነጠላ ፍሬውን ማን ይገዛል ልጄ ያለችው እኔን ነው፣ የእሱን እናት በምርቃቱ ዕለት ከአጥር ውጭ ሆኜ አይቻታለሁ፣ ወርቋ ደረቷን ሞልቶት፣ ኮረሪማ ተወቅጦ በላስቲክ የሚበቅል የሚመስላት ሴትዮ።

እናቱን የሚያከብር ወንድ ደስ ይላል፣ ትለኛለች ባህሪያ፣ የትምህርት ቤታችን መምህርት፣ ጠዋት ከቴፒ አብረን ነው የመጣነው። አዎ እላታለሁ። አዎ። ምን አዎ አለው፣ ተነሳ አንተ ፈሪ፣ ተነስተህ ምን ትላለህ፣ ረቂቁን አይጥ በልቶታል፣ ምስክርህ እናትህ ነበረች፣ እሷን ክረምት ላይ ቀበርካት፣

እጄ ወጥቷል።

አቤት መምህር፣ ይላል፣ አያውቀኝም፣ ወይ ያውቀኛል፣ ፊቱ አንድ ነው። ስልሳ አንገት ወደ እኔ ዞሯል። ሌባ በል፣ አንዴ በላትና ተገላገል፣ ከአፌ ግን የሚወጣው ሌላ ነው፣ አንዱ ክር ስንት ፍሬ ይይዝ ነበር? ይሄን አልጻፍኩትም፣ ይሄን አልሰረቀም፣ ይሄን የልጇ ጣት እንጂ ማንም አያውቀውም።

እንዴ፣ እንደ ገበያው ነዋ መምህር፣ ልንገዛ ነው እንዴ? አዳራሹ ይስቃል። ባህሪያም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ።

አይ፣ ልለው ነው፣ አይ፣ ቁጥሩ ነበር፣ ሁሌ አንድ ነበር፣ ሳትቆጥር በእጇ ታውቀው ነበር፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ክሩን አንገቴ ላይ ስታጠልቅልኝ እስከ እምብርቴ ይደርስ ነበር፣ እምብርቴ ያኔ የት ነበር፣ ሠላሳ፣ አይደለም፣ ወስፌው አለ፣ ጠቆር ያለ አውራ ጣቷ አለ፣ ቁጥሩ የለም። የለም። እኔም እንደ እሱ አላውቀውም።

በሉ በቡድን እንከፈል፣ ይላል፣ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ ከፊት ይጀምራሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከኋላዬ ሰው አሁንም ይስቃል፣ ባህሪያ ሦስት ብላ ክርኔን ትነካኛለች፣ ተራህ ነው እንድርያስ፣ ቁጠር እንጂ፣

አራት፣ እላለሁ።