ሽማግሌዎቹ ቆመው የሰሙት ትምህርት

ፀደንያ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ወንድሟ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችና «በቃ፣ ሊያስተምር ነው» አለች በልቧ።

ፍሥሐ ደብረ ብርሃን ላይ የሎጂክ መምህር ነው። አባታቸው ካረፉ ወዲህ አንኮበር የሚመጣው የአባት ቦታ ለመያዝ ነው። ስልኩ «ፀሐይ ነው» ስላለው የተወለደበትን አገር ብርድ ዘንግቶ በስስ ኮት ወጣ፤ አሁን የእናቱን ጋቢ እስከ ጆሮው ተከናንቧል።

ፊት ለፊቱ ዲያቆን ኃይለኢየሱስ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። ያለ ነው፤ ልጅ የሚሰጥ ቤት ትንሽ ይኮራል። በሦስተኛው ግን ወይ ልጅ ይሰጣል፣ ወይ ነገሩ ለሁልጊዜው ይቀራል። ፀደንያ ደግሞ ኃይለኢየሱስን ትፈልገዋለች።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለ ፍሥሐ።

«መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ ማኅደረማርያም።

ልጅ የሚለምን ሽማግሌ እንዲህ ነው። ፍሥሐ ግን እዚሁ ቤት አድጎ ይህን ረስቶታል።

«እንደ ፈቀዳችሁ» ብሎ ተነሣና ክፍል ውስጥ እንዳለ ሁሉ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። «እኔ የምፈልገው ራሽናል ውሳኔ ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ሥሩ ላቲን ነው፤ ራቲዮ ይሉታል፣ ስሌት ማለት ነው። የጥንት ሮማውያን ማሰብንና መቁጠርን አንድ ላይ ነበር የሚያዩት። ለወታደር የሚሰፈረው ራሽን እንኳ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።»

ለእውነት ከሆነ፣ ከተናገረው ውስጥ ሐሰት የለም። ጥፋቱ ሽማግሌ አቁሞ መናገሩ ነው።

«ይኼ ላቲን የምትለው የአባት ወገን ነው የእናት?» አሉ መሪጌታ ፊታቸው ሳይፈታ። «እሱንም ማስፈቀድ ካለብን ቶሎ ንገረን፤ ጉልበታችን እየከዳን ነው።»

ሁለተኛው ሽማግሌ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ቋንቋ ነው፣ መሪጌታ» ሲል ፍሥሐ በትዕግሥት አስረዳ። «ስለዚህ ጋብቻም መሰላት አለበት። ጤናው፣ ጠባዩ፣ የወደፊት ዕቅዱ... ሁሉንም አመዛዝኜ ምናልባት ለከርሞ...»

መሪጌታ ወደ በሩ ዞሩ። «እንግዲህ ሮማውያን ይዳሯት» አሉ።

ፀደንያ መጋረጃውን ገለጠች። የምትታጭ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ እሷ ግን ወጣች።

«ወንድም ጋሼ፣ ያን ሁሉ ስትቆጥር እኔን የት አደረግኸኝ?»

«አንቺማ ስሜት ውስጥ ነሽ።»

«አልቆጠርኸኝማ! በግ ስትገዛ እንኳ ጥርሱን ታያለህ፤ እኔን አንድ ቀን ዓይኔን አይተህ ጠይቀኸኛል?»

ፍሥሐ የእናቱን ጋቢ ይበልጥ ተከናነበ።

እናታቸው ወይዘሮ ወለተሐና ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። የተማረ ልጃቸውን ስለሚፈሩ እስካሁን ትንፍሽ አላሉም።

«እማዬ» አለች ፀደንያ፣ «ይኼ ቤት የማን ነው?»

«የኔ ነዋ» አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። ከዚያ ብድግ አሉ። «መሪጌታ፣ ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። በሉ ተቀመጡ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልን!» አሉ ሽማግሌዎቹ። መሪጌታ በቀጥታ ሄደው ፍሥሐ የተነሣበት ወንበር ላይ ዐረፍ አሉ።

«እኔ እኮ ገና አልጨረስሁም» አለ ፍሥሐ፣ የሚቀመጥበት በዓይኑ እየፈለገ።

«ጨርስ» አለችው ፀደንያ፣ የቀረችውን በርጩማ ለሦስተኛው ሽማግሌ እያቀረበች። «ቆመህ ጨርስ።»