ሾተላይ በሰው አገር

ረውዳ ዐረብኛ ታውቃለች። ስንት ዓመት በሰው ወጥ ቤት ስታማስል የኖረች ሴት እንዴት አታውቅ? የድስቱን፣ የካውያውን፣ የሩዙን፣ የቁጣውን ሁሉ ስም ታውቃለች። መስቀጥ ከተማ፣ አል አንሳብ ካለው ጤና ጣቢያ ሄዳ ሲስተሯ ስለ ሆዷ ስትጠይቃት ግን ቃል አጠራት። ለካ የሰው ቤት ዐረብኛ የራስን ገላ አይናገርም።

ሲስተሯ ህንድ ናት፤ የእሷም ዐረብኛ ከረውዳ አይሻልም።

"ሐምል፣ ከም?" አለቻት። ስንተኛ እርግዝናሽ ነው ማለቷ ነው።

ረውዳ ሁለት ጣቷን አወጣች።

ዋሸች አትበሏት፣ ልጆቼ። በእነ ረውዳ አገር፣ ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ፣ ስንት ወለድሽ ሲባል የሚቆጠረው የቆመው ልጅ ነው። የሞተው አይነሳም። ያውም በሾተላይ የሞተ! ሆድ ይዞ የሾተላይን ስም የጠራ፣ "አለሁ" ብሎ ይመጣበታል ይባላል። ለረውዳ የቆመላት በኩሯ ዩኑስ ነው፤ አገር ቤት ከእናቷ ጋር አለ። ከእሱ በኋላ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ፣ ልጅቱ እንደ እርድ ቢጫ ሆና ሳትሰነብት ሄደች። ቀጥሎ የመጣው ወንድ ደግሞ ሆዷ ውስጥ እንዳለ ዝም አለ። ያኔ የዩኑስ አባት "ደምሽ ከደሜ አልገጠመም" ብሎ ፈታት። እሷም ማንም ወደማያውቃት አገር ተሻገረች።

የአገሯን ልጅ ጀሚልን ያገኘችው እዚሁ መስቀጥ ነው። በአንድ ግቢ እሷ የቤት ሠራተኛ፣ እሱ ሹፌር ነበሩ። ካፊላቸው፣ ማለት አሠሪያቸው፣ ደግ ሰው ነውና ኒካህ እንዲያስሩ ፈቅዶ ከግቢው ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጣቸው። ስለ ዩኑስ ነግራዋለች። ስለ ሁለቱ አልነገረችውም። በየት በኩል ትንገረው? አንዱ ባል በዚሁ ፈቷታል። አሁን ደግሞ የካፊሉ ቤተሰብ ሙቀቱን ሸሽቶ ሰላላ ወደሚባለው ነፋሻ ከተማ ሄዷል፤ የሚነዳላቸው ጀሚል ነው። ግቢው ውስጥ የቀሩት እሷና የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ናቸው። አገሯ ብትሆን ይሄኔ ዱበርቲዎቹ፣ መራቂዎቹ እናቶች፣ ለዱዓ ወዳጃ ተቀምጠው "ፋጡማ ትድረስልሽ" እያሉ ሆዷን ይዳብሱላት ነበር። እዚህ የሚዳብሰው የራሷ እጅ ብቻ ነው።

የደም ምርመራው ሲደርስ ሐኪሟ ራሷ አስጠራቻት። ሱዳናዊት ናት፤ ቀስ ብላ፣ በእጇም እያሳየች ነው የምታወራው።

"ደምሽ ውስጥ ልጁን የሚዋጋ ነገር አግኝተናል" አለቻት። "ገና መካከለኛ ነው። ከበኩርሽ በኋላ ሌላ ልጅ ነበረሽ? የጨነገፈ? የሞተ? ከሌለ ከወር በኋላ ትመለሻለሽ። ካለ ግን ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እልክሻለሁ። ልጁ እንዳያመልጠን።"

"ማፊ" አለች ረውዳ። የለም።

ወጥታ ጥላ ሥር ቆመችና ማትራህ ሱቅ ለምትሠራው ለአገሯ ልጅ ለሸዋረጋ ደወለች።

"አንቺ፣ ሆድሽ ምን አለ?" አለች ሸዋረጋ።

"ምን ይላል፣ ይራገጣል።"

"ዐረብ አገር የተረገዘ ነዋ! ገና ሳይወለድ ያላ ያላ፣ ቶሎ ቶሎ ይላል። ቆይማ፣ ደንበኛ መጣብኝ፤ መልሼ እደውላለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ረውዳ ይራገጣል ያለችው ለወሬ ነበር። አሁን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ትናንት የዘለለው ልጅ ዛሬ ፀጥ ብሏል። ይህን ፀጥታ ታውቀዋለች። ያኔ "ተኝቶ ነው" እያለች ራሷን ስትደልል ነው የከረመችው። ስሙን ብጠራው ይመጣል ብላ የሸሸችው ሳትጠራውም መጥቶ ኖሯል። ዞረችና ሐኪሟ ክፍል ሳታንኳኳ ገባች።

ግን በምን ቃል ትናገረው? የጨቅላ ሞት በዐረብኛ ምን እንደሚባል ማን አስተማራት?

"ዋሂድ ቢንት" አለች፤ አንዲት ሴት ልጅ። "አስፈር።" የርጥብ እንጨት ጭስ የመሰለውን የሐኪሟን ሽበት እያየች፣ ቢጫ የሚለውን ቃል ሁለቴ ደገመችው። "ኻላስ።" ሩዙ ሲያልቅ የምትለውን ኻላስ ነው ያለችው። "ዋሂድ ወለድ። ዳኺል፣ ከርሽ፣ ኻላስ።" አንድ ወንድ ልጅ፣ ሆድ ውስጥ እንዳለ፣ አለቀ ስትል ሆዷን አሳየች።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እጇን ያዘቻት። ሲስተሯ መሣሪያውን አምጥታ ሆዷ ላይ ስታሳርፍ የልጁ ልብ ዱብ ዱብ ሲል ተሰማ። ረውዳ አለቀሰች።

"አለ" አለች ሐኪሟ። "አራተኛ እርግዝናሽ ነው ማለት ነው። ይህ በሽታ እርግማን አይደለም፤ የአንቺ ደምና የልጁ ደም ዓይነት ስላልተስማማ ነው። ካስፈለገ ቀድመን እናዋልድሻለን፤ ሲወለድም ደሙን ይቀይሩለታል። የባልሽም ደም መታየት አለበት። ይምጣ።"

ትልቁ ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ሆና ለጀሚል ደወለችለት።

"ደምህን ይፈልጉታል።"

"የኔን? ለትንኝ እንኳ የማይበቃውን?" ሳቀ። ከኋላው የካፊሉ ልጆች ይንጫጫሉ።

ያኔ ሁሉን ነገረችው። ሳቁ ጠፋ።

"አለህ?"

"አለሁ።"

"የምትፈታኝ እንደሆነ አሁኑኑ ንገረኝ።"

"ተይ እንጂ፣ ምን ነካሽ።" የልጆቹ ጫጫታ ከኋላው ራቀ። "ስማቸው ማን ነበር?"

ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው፤ ሁለቱም አልደረሱበትም። እስከ ዛሬም ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

"አልወጣላቸውም" አለች።

"እሺ። ካፊሉን ዛሬ እለምነዋለሁ። ይፍቀድ አይፍቀድ አላውቅም፤ አልዋሽሽም።"

አጠገቧ አንዲት እርጉዝ ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር ተቀምጣ ትሳሳቃለች። በሩ ተከፍቶ የረውዳ ስም ተጠራ።

"ማን አለ ካንቺ ጋር?" አለች ጠሪዋ።

"ማንም የለም" አለች ረውዳ። ነጠላ ሻሿን አስተካክላ፣ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳችና ገባች።