የቅዳሜዋ ሙሽራ

የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ የያምሮት ሁለት እጆች በርበሬ ውስጥ ነበሩ። የእንጀራ ልጇ የውዳሴ ሠርግ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል፤ ግቢው ውስጥ የተነጠፈው ሰሌን በሙሉ ቀይ ሆኖ፣ እናትና ልጅ እያስነጠሳቸው ዛላውን ይቀነጥሳሉ። ጥሩንባ ነፊው ይታገሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና ጮኸ፦

«የእድር አባሎች! የመናኸሪያዋ ቆሎ ሻጭ ሸጋዬ አርፋለች! ቀብሩ ዛሬ ከቀትር በኋላ ሚካኤል ነው! የቀረ ይቀጣል!»

የሟችን ስምና የቅጣቱን ነገር በአንድ ትንፋሽ መጥራት ልማዱ ነው። ጥሩንባውን ደግሞ እየነፋ ወደ ሚቀጥለው ደጅ ሄደ። ያምሮት የያዘችውን ዛላ ሳትቀነጥሰው ቀረች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ልትመልሰው ብትሞክርም እምቢ አላት።

«እትዬ፣ ምነው? ያለቅሳሉ እንዴ?» አለች ውዳሴ።

«በርበሬው ነው።»

«ሸጋዬ ማለት ያቺ ምርቃት የምታበዛው አይደለችም? እኔ እንኳ ሳልፍ በእፍኝ ትጨምርልኝ ነበር። ያውቋታል?»

«ቆሎ ሻጭ የማያውቅ ማን አለ፣ ልጄ።»

ውዳሴ ሌላ አልጠየቀችም። ሠርጓ የቀረበ ልጅ ለሰው ሞት ብዙ ጊዜ የላትም፤ አይፈረድባትም። ያምሮት ግን በዓይኗ ፊት የቆመው በርበሬው ሳይሆን ነጭ ቀሚስ የለበሰች አንዲት ልጅ ነበረች።

ባሏ አቶ እንዳለው ከእድሩ ስብሰባ ሲመለሱ፣ የእቃ ቤቱ ትልቅ ቁልፍ እንደ ወትሮው ከካፖርታቸው ኪስ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ብረት ድስቱም በዚያ ቁልፍ ሥር ነው ያለው።

«ድንኳን አንተክልም ተባብለናል» አሉ ዱላቸውን እያስደገፉ። «ዘመድ የላትም፣ ደጅም የላትም። ያከራያት ሰውዬ ‹በደጄ ለቅሶ አልፈልግም› ብሏል። ቀብረናት እንመለሳለን።»

«ለአንድ ቀን እንኳ አይሆንም?»

«ማን ደጅ ላይ ተተክሎ? ማንን ‹እግዜር ያጥናህ› ብለን? መዋጮዋን ሳታጓድል ከፍላለች፣ ልክ ነው፤ እኛም ሳናጓድል እንቀብራታለን። በይ ልበሺ፣ አቶ መልካሙም ይመጣሉ።»

አቶ መልካሙ የውዳሴ እጮኛ አባት ናቸው። እህል ነጋዴ ናቸው፣ ወንበራቸው ሁልጊዜ ከፊት ነው፤ ለልጃቸው ሚስት ሲመርጡ የሰባት ቤት ዘር ያስጠኑ ሰው ናቸው። ያምሮትን ግን ማንም አላስጠናትም፤ የእንጀራ እናት ዘር አይቆጠርም። ቡሬ ዘመድ ቤት ሆና ምግብ ቤት ትሠራ እንደነበር ለባሏ ነግራቸዋለች፤ ያንኑ አምነው አገቧት፤ ያንኑ ይዘው አሥራ ስምንት ዓመት ኖሩ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ አፏን እንደዘጋች አረጀች።

ቡሬ መኖሯ እውነት ነው። የኖረችው ግን ቲያትር ሰፈር ነው።

ዛሬ ቲያትር ሰፈርን ልይ ብሎ የሄደ አያገኘውም። ድንጋይ ተነጥፎበታል፣ አበባ ተተክሎበታል፣ ማታ ማታ ረጃጅም መብራት ይበራበታል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል አሉ። ድሮ እዚያ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። በደርግ ጊዜ የቀበሌው ኪነት ይጫወትበት ስለነበር ቲያትር ቤት ተባለ፤ ደርግ ወድቆ ኪነቱ ሲበተን አዳራሹና ስሙ ቀሩ። ወንዳወቅ የሚባል አንድ ብልጣብልጥ ተከራየውና ቀን ቀን የህንድ ፊልም ያሳይበት፣ ማታ ማታ ጨዋታ ያስጫውትበት ጀመር። ዙሪያውን ጠጅ ቤት፣ አረቄ ቤት፣ ደጃፋቸው ላይ መጋረጃ ብቻ ያለባቸው ጠባብ ክፍሎች ተሰለፉ። ክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ በጋ ሽታው አፍንጫ ያስይዛል። ጨዋ ሰው ቀን በዚያ አያልፍም ነበር። ሲመሽ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚገባ የሚያውቁት ሴቶቹ ብቻ ናቸው።

የወንዳወቅ ትልቁ ትርዒት የቅዳሜው ነበር። ገበሬው እህሉን ሸጦ፣ አንድ ሁለት ብርሌ ቀምሶ ሲገባ፣ መድረኩ ላይ ሠርግ ይጠብቀዋል። ሸጋዬ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ዓይኗን ሰብራ ትቀመጣለች። ማሲንቆ መቺው ቂርቆስ ማሲንቆውን አስቀምጦ ጥምጥም ጠምጥሞ ቄስ ይሆንና፣ «ሙሽሪት፣ የክርስትና ስምሽ ማን ይባላል?» ይላል። እሷም ቀስ ብላ፣ «አስካለ ማርያም» ትላለች። አዳራሹ በእልልታ ይናጋል። ያን ጊዜ ያምሮት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የሙሽራ መሸኛውን ዘፈን ታወርደዋለች። ወንዳወቅ መድረክ ላይ አያወጣትም ነበር፤ ሁለት ሴት ካዩ ዓይናቸው ይከፋፈላል ባይ ነው። ፊቷን ያየ ጥቂት ነው፣ ድምፅዋን ግን ከዳሞት እስከ ወምበርማ የማያውቅ አልነበረም። ሴት ልጁን የዳረ ገበሬ ሁሉ በጋቢው ጫፍ እንባውን ይጠርጋል። ትርዒቱ ሲያልቅ ሙሽራይቱን ይዟት የሚሄደው ግን በዋጋ የተስማማው ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም አያለቅስለትም።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ካለፈች በኋላ፣ ሁለቱ በአንድ ፍራሽ ላይ ተጋድመው ያምሮት፣ «አስካለ ማርያም መሆንሽን ነግረሽኝ አታውቂም» አለቻት።

«አይደለሁማ!» አለች ሸጋዬ። «እኔ ወለተ ሥላሴ ነኝ። ለውሸት ሠርግ የእውነት ስሜን እሰጣለሁ? ሞኝሽን ፈልጊ። እሱን አስቀምጬዋለሁ። አንድ ቀን እውነተኛ ቄስ ይጠይቀኛል።»

«ባይጠይቅሽስ?»

«ይጠይቀኛል አልሁሽ!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያምሮት የምትስቅ መሰላት፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን ሳቅ እንዳልሆነ ገባት።

ሸጋዬ በየቅዳሜው ስትዳር ወጣትነቷ አለቀ። ያምሮት አቶ እንዳለውን አግኝታ ወጣች፤ ቆይቶ «ሰፈሩ ይጽዳ» ተባለና ግሬደር ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያምሮት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ስታልፍ፣ ከባጃጆቹ ጎን የቆሎ ጆንያ ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ቀና አለች። ተያዩ። የያምሮት ባል ከጎኗ ነበሩ። ሸጋዬ የባልየውን ካፖርት አየች፣ የያምሮትን አዲስ ነጠላ አየች፤ ከዚያም እንደማያውቅ ሰው፣ «ቆሎ ይግዙ፣ እሜቴ፣ ትኩስ ነው» አለቻት።

ነገሩ በዚሁ ጸና። ለዓመታት በአንድ ከተማ ኖሩ፣ አንድ ቀን እንኳ በስማቸው አልተጠራሩም። ያምሮት ቆሎ ትገዛለች፣ ሸጋዬ ሰፍራ ትሰጣለች፤ ከሰፈረች በኋላ ግን ምርቃቱን በሁለት እጇ ዝቃ፣ ዝቃ ትጨምርላታለች። የተነጋገሩት ነገር ቢኖር ያ ምርቃት ነው። ያምሮት ብቻዋን የሄደችበት ቀን ሞልቶ ነበር፤ ጎንበስ ብላ «እንደምን አለሽ፣ እህቴ» ለማለት ሞልቶ ነበር። ነገ እላታለሁ እያለች አለፈች።

ሚካኤል ሲደርሱ አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወርዷል። ሰዉ ለቅጣቱ ሲል መጥቷል፤ ወንዶቹ ስለ ማዳበሪያ፣ ሴቶቹ ስለ ዘይት ያወራሉ። የሚያለቅስ የለም። ውዳሴ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች። አባ ገብረ ሕይወት መስቀላቸውን ይዘው ወጡና፣

«የክርስትና ስሟ ማን ይባላል?» አሉ።

አቶ እንዳለው የእድሩን ሰዎች አዩ፤ የእድሩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«እኛ የምናውቃት ሸጋዬ ብለን ነው፣ አባ።»

«ሸጋዬ ብዬ አልፈታትም! ከዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚያውቅ የለም?»

ያምሮት ልናገር አለች፤ ባሏን አየችና ተወችው። በዚህ መካከል አቶ መልካሙ ከፊት ሆነው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«አስካለ ማርያም ትባላለች መሰለኝ» አሉ። «እ... ከሰው ሰምቼ ነው።»

«እሰይ፣ ስምዎ ይጠራ» አሉ አባ።

ያምሮት አቶ መልካሙን አየቻቸው። የሰባት ቤት ዘር ያስጠኑት ሰው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መሬት መሬት ያያሉ። ያ ስም የተጠራበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሰውየው ክፉ አላሰቡም፤ እንዲያውም ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለሟቿ የተጨነቁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ከድሮው አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ይዘውት የወጡትን፣ እውነት መስሏቸው የያዙትን፣ ሰጡ።

አባ ገብረ ሕይወት ጀመሩ። «አመትከ አስካለ ማርያም» የምትለዋ ቃል ከጸሎቱ መካከል ስትወጣ፣ ያምሮት ነጠላዋን ጨምድዳ ያዘች። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ሠርጉ ይደገሳል፣ ባሏ ባሏ ናቸው፣ ነገም እሜቴ ትባላለች። ብትናገር የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን መጣሏ ነው፤ ያውም የሷን ብብት ብቻ ሳይሆን የውዳሴንም። ግን ሸጋዬ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው እውነተኛ ቄስ ይኸው መጥቶ ጠይቋል። ሌላ ጊዜ አይጠይቃትም። በዚያ ስም ከሸኟት፣ መቃብርም ወርዳ የወንዳወቅ ሙሽራ ሆና ልትቀር ነው።

«አባ» አለች ያምሮት።

አልሰሟትም።

«አባ! ስሟ እሱ አይደለም!»

ድምፅዋ ከሴቶቹ መካከል ወጥቶ ግቢውን ሞላው። ዲያቆኑ ጽናውን ማወዛወዙን ተወ። አቶ መልካሙ ቀና አሉ፤ ፊታቸው አመድ ለበሰ፤ ከፍ ብሎ ሲወጣ ድምፁን አውቀውታል።

«ወለተ ሥላሴ ናት» አለች። «አስካለ ማርያም የትርዒት ስሟ ነው።»

«በምን አወቅሽ፣ ልጄ?»

«አብረን ኖረናል፣ አባ። ቡሬ፣ ቲያትር ሰፈር። እሷ በየቅዳሜው ሙሽራ ትሆን ነበር፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እዘፍንላት ነበር።»

ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ በስመ አብ!» ብላ አማተበች፤ ውዳሴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የአንዳንዱ ዓይን ከያምሮት ተነሥቶ ወደ አቶ መልካሙ ሄደ። ያምሮት ወደ እሳቸው አላየችም፤ ለክፉም ለደግም ስማቸውን አላነሣችም። አባ ገብረ ሕይወት መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ወለተ ሥላሴ በገዛ ስሟ ተፈታች።

አፈሩ ተመልሶ ሲያልቅ ሰዉ ቀስ በቀስ መበተን ያዘ። እግዜር ያጥናሽ የሚባል ሰው ስላልነበረ ሁሉም ወደ በሩ አመራ። አቶ መልካሙ ከማንም ቀድመው ወጥተዋል፤ ስለ ሠርጉ ያሉት ነገር የለም። ውዳሴ አጥሩ ሥር ብቻዋን ቆማ ታለቅሳለች፤ ለሟቿ ይሁን ለራሷ አይታወቅም። አቶ እንዳለው ብቻ በዱላቸው የመቃብሩን አፈር እየነኩ ቀሩ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ» አሉ ቀና ሳይሉ። «በየሠርጉ ‹ዝፈኚ› ስትባዪ፣ ‹ድምፅ የለኝም› ስትዪ ኖርሽ።»

«አዎን።»

«እኔንም ደበቅሽኝ።»

«እርስዎንም። አጠፋሁ።»

«የልጂቱ ነገርስ? መልካሙ እንግዲህ ምን ይላል?»

«አላውቅም። እኔም ይህንኑ እያሰብሁ ነው የተናገርሁት።»

ከታች ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። ያምሮት ነጠላዋን አውልቃ አራገፈችና፣ ጥለቱን ሽቅብ አዙራ፣ እንደ ኀዘንተኛ ዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያም እጇን ወደ ባሏ ዘረጋች።

«ቁልፉን ይስጡኝ።»

«የምኑን?»

«የእቃ ቤቱን። ድንኳኑን በኛ ደጅ ላስተክል ነው። እህቴ ሞታብኛለች፣ ለቅሶ ልቀመጥ ነው። በርዎ ላይ አይሆንም ካሉኝም ከበሩ ውጭ አስተክለዋለሁ።»

አቶ እንዳለው እጇን አዩት። የጠዋቱ በርበሬ አሁንም ከጥፍሮቿ ሥር ቀይ እንደሆነ ነው። ይስጧት አይስጧት ገና አላወቁም ነበር። ያምሮት ግን እጇን አላጠፈችም።