ተሟሽታ የተናገረችው ድስት

ከትምህርት የሚያስቀረኝ ባቄላ ነበር። ጠዋት ጥጄው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስነካው ያው ጠጠር ነው። አማቴ እማማ ሐረገ ወይን ጥርሳቸው ስላለቀ በደንብ ያልበሰለ ነገር አይዋጥላቸውም። ኩበት ስጨምርና ስቆሰቁስ የመሠረተ ትምህርቱ ሰዓት ያልፋል። አስተማሪያችን ጣሰው ለዘመቻ የመጣ ወጣት ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም ጓድ ይላል።

«ጓድ ንግስት» አለኝ አንድ ቀን፣ «ከእንግዲህ አንዴ ከቀረሽ ለፈተናው አትቀመጭም።»

እንቅልፍ አጣሁ። የልጆቼን ስም መጻፍ ችያለሁ፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ማንበብ ግን ገና ይተናነቀኛል። እዚህ ላይ ካቆምኩ የተማርኩትም ክረምቱ ሳይወጣ ከራሴ ላይ ታጥቦ የሚሄድ መሰለኝ።

ባቄላን በጥቂት ኩበት የምታበስል ድስት እንዳለች የነገረችኝ የነጋዴው የዳውድ ሚስት ሀቢባ ናት። ክዳኗ ይቆለፋል፣ እንፋሎቱ ውስጥ ታፍኖ ያበስላል፣ ሲበዛባት ታፏጫለች አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ታፍኖ» ያለችውን ብቻ ነው። የታፈነ ነገር አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም፤ ልጆቼ ደግሞ ከእሳት ዳር አይጠፉም።

ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ እንቁላል ሸጬ ያጠራቀምኩትን በመቀነቴ ቋጥሬ መካነ ኢየሱስ ገበያ ዳር ወዳለው ሱቃቸው ሄድኩ። ቤታችን ከገበያው ጀርባ ስለሆነ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ ነበር።

ዳውድ መጀመሪያ ያወረደልኝ ትልቅ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ድስት ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ እንዳልጭረው ፈርቼ ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ይቺስ?» አልኩ ወደ ሌላዋ እያሳየሁ።

«እሷ ርካሽ ናት። ክዳኗ ላይ የሚቀመጠው ማፏጫ ጠፍቷል።»

ደስ አለኝ። እማማ ቤት ውስጥ ማፏጨት እባብ ይጠራል ይላሉ። ዝም የምትል ድስት ካለች ከዚህ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ? ሀቢባ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ንግስትዬ፣ ማፏጫ ከሌላትማ ተራ ድስት ናት! እንፋሎቱ በቀዳዳው ይወጣል፣ ባቄላሽም እንደ ጠጠረ ይውላል።»

ዳውድ ከጓሮ ሌላ አመጣ። «ይቺ ያገለገለች ናት፤ ዋጋዋም ላንቺ ይሆናል።»

ሀቢባ ከእጄ ነጠቀችኝ። «የኛ ሥጋ ሲቀቀልባት የኖረች! ክርስቲያን ቤት ልትገባ ነው? አማቷ ቢሰሙ ድስቷንም እሷንም ነው የሚያስወጡ። አንተ ሰው፣ ልታፋታት ነው?»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም ስላላልክ እኮ ነው!»

የቀረችው ትንሽ፣ አዲስ፣ እጀታዋ በጭነት መኪና ላይ የተሰነጠቀ ድስት ነበረች። ዋጋዋ እኔን ከማስለቀስ ትንሽ መለስ ያለ ነው። እንደ ሸክላ በጣቴ አንኳኳኋት፤ ጆሮዬን ደግኜ ድምፅዋን አዳመጥኩ። ውኃ ሞላሁባትና ታዣለች ወይ ብዬ ሥሯን በመዳፌ ዳበስኩ።

«እንስራ መሰለችሽ?» አለ ዳውድ።

«ልጆች አሉኝ። ትፈነዳለች?»

«ካላስቀየምሻት አትፈነዳም።»

ይህ መልስ ጨርሶ አላረጋጋኝም። እማማ ካልወደዷት ገንዘቤን እንደሚመልስልኝ ካስማልኩት በኋላ ግን ገዛኋት።

እማማ ድስቷን ዞረው አዩዋት።

«አሟሽተሻታል?»

«ብረት ናት እኮ፣ እማማ።»

«ብረትስ ብትሆን ዕቃ አይደለችም? አዲስ ዕቃ ሳይሟሽ ይበላበታል? ሰው ምን ይለናል?»

እውነት ነው፤ እኛ ዘንድ አዲስ ምጣድ ወይም ድስት በተወቀጠ ጎመን ዘር እሳት ላይ ሳይሟሽ ሥራ አይጀምርም። ሀቢባ ስለ ማሟሸት ምንም አላለችኝም፤ ረስታው ይሆናል አልኩ። ጎመን ዘር ወቅጬ በውኃ በጠበጥኩና እስከ አፏ ሞላሁላት። ክዳኗን ቆለፍኩ፣ ማፏጫዋን ጫንኩ፣ ጣድኳት።

ትንሽ ተነፈሰች፤ ከዚያ ጭጭ አለች።

«ጨዋ ናት» አሉ እማማ ደስ ብሏቸው። «ታፏጫለች ያሉሽ ስሟን ሲያጠፉ ነው።»

እኔ ግን ዝምታዋን አልወደድኩትም። የትምህርቱ ሰዓት፣ አሥር ሰዓት፣ እየደረሰ ነው። ትቻት ብሄድ ልጆቼ አሉ፣ ብቀር ፈተናው አለ። አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ምድጃው ስመላለስ ትልቋ ልጄ ይታይሽ «እማዬ፣ ክዳኗ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። ልጆቹን ከያሉበት አፍሼ ደጅ አወጣሁ። እማማ አልነሣም አሉ።

«በዚህ ዕድሜዬ ከድስት ሸሸች ልባል?»

ጎትቼ አወጣኋቸው። ገና ደፉን ከመሻገራችን ከውስጥ «ፏ!» አለ። የክዳኗ ላስቲክ ተስፈንጥሮ ጎመን ዘሩ ጣሪያው ላይ ተለጠፈ። አውራ ዶሮው ከራሱ እስከ ጅራቱ ተለቅልቆ እየጮኸ በመካከላችን ሾልኮ ወጣ።

«ሥላሴ!» አሉ እማማ። ቀጥሎም ቀስ ብለው፣ «ተናገረች።»

ሀቢባ ድምፁን ሰምታ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች። ወደ ጣሪያው አየች፣ አሸተተች።

«ምን ቀቅለሽባት ነው?»

«አሟሸኋት።»

መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወስፌ ተቀብላኝ በፍሬው የተደፈነውን ቀዳዳ ጠረገች፣ ላስቲኩን ፈልጋ መለሰች፣ ድስቷን አጠበች፣ ባቄላና ውኃ እስከ ወገቧ ብቻ ጨምራ ጣደቻት። «ሰውንም እስከ አፉ ሞልተሽ ብታፍኚው ይፈነዳል» አለችኝ። «በይ አሁን ትምህርትሽ እንዳያልፍሽ። እማማ ይጠብቋት፤ ደጋግማ ስታፏጭ ያውርዷት።»

«እኔ?» ሲሉ ሰማኋቸው፤ እየሮጥኩ ነበርና አልመለስኩም።

ጣሰው ስም እየጠራ ነው። የእኔን ሲጠራ ከበሩ «አለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ጓድ ንግስት፣ ፀጉርሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ጎመን ዘር።»

ስሜ ላይ ምልክት አደረገ። «ግቢ» አለኝ።

ትምህርቱ ጥቂት እንደ ሄደ በሩ ተከፈተ። እማማ ዘንጋቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እማማ! ድስቷስ?»

«ታፏጫለች። ከእሷ ጋር ብቻዬን አልቀመጥም። ልጆቹን ጎረቤት አስገብቻለሁ፤ ድስቷን ዋሴ ከእርሻ ሲመለስ አስረክቤዋለሁ።» ዋሴ ልጃቸው፣ የእኔ ባል ነው።

ጣሰው ወንበር አቀረበላቸው። «ጓድ እናት፣ ይቀመጡ።»

«እኔ የማንም ጓድ አይደለሁም። ሐረገ ወይን ነኝ።»

ስማቸውን ሰሌዳው ላይ ጻፈላቸው። «ይኸው፣ እርስዎ ነዎት።»

እማማ የተጻፈውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «ይህን ያህል ረጅም ነኝ?» አሉ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ።

ስንመለስ ዋሴ የበሬ ጅራፉን ይዞ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል።

«አውርዳት አላልኩህም?» አሉት እማማ።

«አሉኝ። ማን ይጠጋታል?»

እሳቱ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ድስቷ እስክትቀዘቅዝ ጠብቄ፣ ፊቴን አዙሬ ክዳኗን ከፈትኩ። ባቄላው ሟሙቷል። እማማ ሳያኝኩ በሉ፤ ድገሚኝም አሉኝ። እኔ ጣሪያውን ሳይ፣ ዶሮውን ሳይ ልቤ አሁንም አልረጋ አለ።

«እማማ፣ ነገ ለዳውድ ልመልሳት እንዴ?»

«ነገ?» አሉ ጣታቸውን እየላሱ። «ነገማ ትምህርት አለብን።»