የምሽጉ ወጥ ሠሪ

«ብዙ ሰው እንኳን አልመጣላትም» አለች አመተ ማርያም፣ ንፍሮውን ለጎረቤቷ እያቀበለች። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ ወልደተንሣኤ ግን ሰምቷታል። «ለጣሊያን ውሽማ ማን ያለቅሳል?»

ወልደተንሣኤ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀምጧል። ሚስቱ ለተጊዮርጊስ የተቀበረችው ትናንት ነው። አላለቀሰላትም። ለቀስተኛው «እግዜር ያጥናህ» ባለው ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል እንጂ፣ በዓይኑ የሚመላለሰው ሬሳዋ ሳይሆን ሳቋ ነበር።

ጣሊያን አንኮበር ላይ ምሽግ ሲሠራ ለተጊዮርጊስ ለጣሊያኑ ሻለቃ ወጥ ልትሠራ ገባች። «እርሻው ጠፍ ሆኗል፤ ምን እንብላ?» ስትለው እሺ አላት። በኋላ ግን እዚያው ማደር አመጣች። አዲስ ሻሽ አሰረች። የጣሊያን ቃል ባፏ ገባ። አንድ እሑድ ቅናቱ ቢያንገበግበው ዱላውን ይዞ ምሽጉ በር ላይ ቆመና ተጣራ። ከሻለቃው ጋር ወጣች።

«አንቺ የጠላት ገረድ፣ ቤትሽ ትገቢ እንደሆን ዛሬ ግቢ» አላት።

ዘበኞቹ በሰደፍ መትተው ሲጥሉት ሻለቃው ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ወልደተንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በሕዝብ ፊት «ሚስት የለኝም» አለ። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ቤቱ እስኪያመጧት ድረስ ቃሉን አላጠፈም። የቆላ ንዳድ ነበር የያዛት። አንደበቷ ተይዞ ስለነበር በእጇ እጁን ፈለገች። አልሰጣትም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጥምጥም ያሰረ ሰው ዳሱ ገባ። ዘይኑልአቢዲን የሚባል፣ አልዩ አምባ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ወልደተንሣኤ በመልክ ያውቀዋል። አጠገቡ ተቀምጦ «አላህ ያጥናህ» አለውና ዓይኑ እንባ ሞላ።

የወልደተንሣኤ ደም ፈላ። ሻለቃው ሳይበቃ ይሄም አለ?

«ከየት ታውቃታለህ?»

«ና ወደ ውጭ፤ እነግርሃለሁ።»

ከገብሱ ክምር ጀርባ ቆሙ።

«ለተጊዮርጊስ የውስጥ አርበኛ ነበረች» አለ ነጋዴው በሹክሹክታ። «ጦሩ መቼና በየት በኩል እንደሚወጣ ማዕድ ስታቀርብ ትሰማለች። የሻለቃውን በርበሬ ልግዛ ብላ ትወርድና ትነግረኛለች። እኔ ዱር ላሉት አደርሳለሁ። ንዳዱም የያዛት ወደ እኔ፣ ቆላ ስትመላለስ ነው።»

«ሻለቃውስ?»

«እሱን አልጠየቅኋትም።»

«ለኔ ለምን አልነገረችኝም?»

«ያን እሑድ ወሬ የሚያወጣውን ሰው እያደኑ ነበር። ከሻለቃው አሽከሮች አንዱን ሰቅለዋል። አንተ መጥተህ ስትሰድባት ሻለቃው አመናት። ባሏ የጠላት ገረድ የሚላትን ማን ይጠረጥራል? ብታውቅ ኖሮ እንደዚያ ትቀና ነበር? በማግስቱ በርበሬ ጆንያዬ ላይ ተቀምጣ ‹ቅናቱ አዳነኝ› እያለች አለቀሰች።»

«አንተ ፊት አለቀሰች?»



ሳቁ የውሸት ነበር፤ ይህ ለወልደተንሣኤ ገባው። የእውነቱን እንባ ግን ያየው ሌላ ሰው ነው። በሻለቃው ያልቀናውን ያህል በዚህ ነጋዴ ቀና።

«ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» አለ። «እንዲህ ተዋርዳ አትቀርም።»

«በቦታዋ ሌላ ሴት ገብታለች። ዛሬ አፍህን ከከፈትህ ነገ እሷ ትሰቀላለች።»

ነጋዴው ተሰናብቶ ቁልቁለቱን ተያያዘው። የጥምጥሙን ጫፍ ወደ ዓይኑ ሲያነሣ ወልደተንሣኤ ከላይ ሆኖ አየው። እንደ ልቡ እያለቀሰ በመውረዱም ቀናበት።

ዳሱ ሲመለስ የነፍስ አባቱ መምሬ ገብረአብ እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ ብዙም አትዘን። እግዜር ከሐሜት ገላግሎሃል።»

ለቀስተኛው ሁሉ ፊቱን ያየዋል።

«እውነትዎን ነው አባቴ» አለ። «ተገላገልኩ።»

ከዚያ ኩታውን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ከውስጥ ጨርቁን በጥርሱ ነከሰ።