ሸካራው እጅጌ

«ፍሬን ነክተሃል?» አለች እድላዊት፣ ቁልቁለቱን እየሮጠች ስትወርድ።

ታናሽ ወንድሟ ጴጥሮስ ከብስክሌቱ ጋር አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል። ቀኝ ትከሻው ከቦታው ወርዷል።

«አልነካሁም። ከቅዳሴ የምትመለስ ሴት ድንገት መንገድ ገባች። ፍሬን አትንካ ስላልሽኝ ስጠመዝዝ በእጄ ወደቅኩ።»

«ከጠመኔው ምልክት ግን አልፈሃል።» ጎንበስ ብላ እጅጌውን ዳበሰች። አልተተረተረም። «በጣም አልፈሃል።»

እሁድ እሁድ ፍርድ ቤቱ ስለሚዘጋ ይህ የልደታ ቁልቁለት ጭር ይላል። እሷ ከሰፋቻቸው የውድድር ልብሶች የትኛው እንደሚያርቀው ለማወቅ፣ እሱ በየተራ ለብሷቸው ፔዳል ሳይመታ ከላይ ይለቀቃል፤ እሷ ብስክሌቱ የቆመበትን በጠመኔ ታሰምራለች። ልሙጡ ልብስ ቶሎ አስቆመው፤ ነፋሱ ከክንዱ እየተላቀቀ ወደ ኋላ ይጎትተው ነበር። ሰፋፊ መስመር ያወጣችበትማ ባሰ። ትከሻውና እጅጌው ላይ ደቃቅ ጉብታ በክር የሰፋችበት የዛሬው ግን ነፋሱን ከገላው ሳያርቅ አሳለፈው። ነገ የብስክሌት ቡድኑ አሠልጣኝ በሙከራው አይቶ ከወደደው የቡድኑን ልብስ በሙሉ እሷ ትሰፋለች። ካልወደደው፣ አብነት ሰፈር የሰው ሱቅ ተቀምጣ ሱሪ ወደ ማሳጠሯ ትመለሳለች።

ክሊኒክ ሲደርሱ ነርሱ ሳኒ መቀስ አነሳ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልብሱን ልቀድ ነዋ። ትከሻው ወልቋል፤ ምናልባትም ተሰብሯል።»

«አይቀደድም። ያለኝ ይሄ ብቻ ነው። እንዲሁ ተጎትቶ ይውለቅ።»

«እህቴ፣ ሰው እኮ ነው፤ በግ አይደለም የምንገፈው።»

«እድልዬ፣ በናትሽ ይቅደደው» አለ ጴጥሮስ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ነገ እንደሆነ እኔ አልነዳም።»

«ኦልጅራ ይለብሰዋል።»

ኦልጅራና ጴጥሮስ ዓመቱን ሙሉ ቡድኑ ውስጥ ለቀረችው አንዲት ቦታ ሲፎካከሩ ነው የከረሙት።

«በኔ ልክ እኮ ነው የተሰፋው።»

«ለሱም ይሆናል። ለክቼዋለሁ።»

«መቼ?»

ሳኒ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«እኔ በዚህ እጄን አላስገባም።»

እድላዊት ሻርፗን አጣጥፋ በወንድሟ ጥርስ መሃል አስገባችለት። ከዚያ ክሩ እንዳይተረተር እየተጠነቀቀች የእጅጌውን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች።